ቆመጡን በከዘራ የለወጠው ከንቲባ

ዩኒቨርሲቲ ሥነ ጽሑፍ አስተምር በነበረበት ዘመን አንድ ነገረኛ ተማሪ ነበረኝ። ነገረኛ ስል ክፉ ማለቴ አይደለም። ከኋላ ወንበር ይቀመጣል፤ መምህሩ በራሱ ንግግር ሞቅ ሲለው ይጠብቅና አንዲት ጥያቄ ጣል ያደርጋል። ቶልስቶይን በምናነብበት ሰሞን ስለ ሽማግሌው የኋለኛ ዘመን አስተሳሰብ ሳብራራ ነበር። ክፉን በክፉ አለመቃወም፣ ዳኝነትንና እስር ቤትን መንቀፍ፣ የሀብትን ኃጢአትነት፣ ይኸን ሁሉ አንድ በአንድ ስዘረዝር ልጁ እጁን አወጣ።

«መምህር፣ ይሄ ሁሉ ጥሩ ነው። ግን ለሰውየው አንድ ከተማ ከነፖሊሱ፣ ከነሌባው፣ ከነሰካራሙ ቢያስረክቡት ኖሮ ምን ያደርግ ነበር?»

ክፍሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁና «ሰዓታችን አልቋል» ብዬ ወጣሁ። እውነቱን ለመናገር ሰዓቱ አላለቀም ነበር።

መልሱን ያገኘሁት ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ያውም ሳልፈልገው ነው። ብራንድ ዊትሎክ የሚባል አሜሪካዊ ደራሲ እ.ኤ.አ. በ1914 ባሳተመው የትዝታ መጽሐፉ ውስጥ አንድ ሰው አገኘሁ። ይህ ሰው ቶልስቶይን ያነበበ፣ ያነበበውንም እንደ እኛ የፈተና ጥያቄ ሳያደርግ የምሩን ያመነ፣ ከዚያም በእርግጥ አንድ ከተማ ከነፖሊሱና ከነሌባው የተረከበ ነው። ስሙ ሳሙኤል ጆንስ ይባላል። ከተማዋ በኦሃዮ ግዛት በኤሪ ሐይቅ ምዕራባዊ ጫፍ ላይ ያለችው ቶሊዶ ናት። (ከዚህ በታች የማነሣው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ቶሊዶን ትንሽ ከተማ ብላት የአገሩ ሰው ይቀየመኝ ይሆናል። በ1900 ቆጠራ 131 ሺህ ያህል ሕዝብ ነበራት። በዚያው ዓመት ኒውዮርክ ከሦስት ሚሊዮን በላይ፣ ቺካጎ 1.7 ሚሊዮን ሕዝብ ነበራቸው፤ በኦሃዮም ውስጥ ክሊቭላንድና ሲንሲናቲ ይበልጧታል። የመስታወት ፋብሪካ፣ የብስክሌት ፋብሪካ፣ የነዳጅ ማጣሪያ፣ የባቡር ጣቢያ ያላት፣ ጭስ የበዛባት የሠራተኛ ከተማ ነበረች።

ሰውየው አሜሪካ አልተወለደም። በ1846 በዌልስ ተራሮች መካከል፣ ከድኃ ቤተሰብ ተወልዶ በሦስት ዓመቱ ግድም ከወላጆቹ ጋር ወደ ኒውዮርክ ግዛት ገጠር ተሰደደ። ትምህርት ቤት የቆየበት ጊዜ ቢደመር ሠላሳ ወር አይሞላም። በአሥር ዓመቱ ለሰው እርሻ ሠራ፣ በአሥራ አራት ዓመቱ የእንጨት መሰንጠቂያ ገባ፣ ወደ ሃያ ሲጠጋ ነዳጅ ተገኘ ሲባል ወደ ፔንሲልቫኒያ ሄደ። ቲተስቪል ከተማ ሲደርስ ኪሱ ውስጥ የነበረው 15 ሳንቲም ነው። ሥራ ለመለመን በር ማንኳኳት ምን እንደሚያስመስል ያኔ አወቀ፤ ሀብታም ከሆነም በኋላ ይህን ነገር ደጋግሞ ያነሣው ነበር። ቁፋሮ ተማረ፣ ጉድጓድ ገዛ፣ አገባ። በ1885 ሚስቱ ሞተችበት። ከሐዘኑ ለመራቅ ልጆቹን ይዞ ወደ ኦሃዮ ተሻገረና ሊማ በምትባል ከተማ አጠገብ ትልቅ ነዳጅ አወጣ። ከሌሎች ጋር ሆኖ ያቋቋመውን ኩባንያ በ1889 ግዙፉ ስታንዳርድ ኦይል ጠቀለለው። ጆንስም ሀብታም ሆነ። በ1892 የቶሊዶ ሴት አግብቶ እዚያው ኑሮውን መሠረተ።

እስከዚህ ድረስ ያለው ታሪክ በዚያ ዘመን አሜሪካ በየሰፈሩ የሚገኝ ነው። ድኃ ልጅ ይለፋል፣ ይከብራል፣ ቤት ይሠራል፣ ቤተ ክርስቲያን ፊት ወንበር ላይ ይቀመጣል። የጆንስን ታሪክ ከሌሎቹ የለየው 1893 ዓመተ ምሕረት ነው።

በዚያ ዓመት አሜሪካ ከባድ የገንዘብ ቀውስ ውስጥ ገባች። ባንኮች ተዘጉ፣ የባቡር ኩባንያዎች ከሰሩ፣ ሥራ ፈላጊው መንገድ ሞላ። ጆንስ በዚህ ጊዜ በፈለሰፈው የነዳጅ ጉድጓድ ዕቃ ፋብሪካ ለመክፈት ቶሊዶ ውስጥ አንድ ተዘግቶ የተተወ ሕንፃ ተከራየ። ዕቃው ከመሬት ላይ ያለውን ማንቀሳቀሻ ከጉድጓዱ ሥር ካለው ፓምፕ ጋር የሚያገናኝ ረጅም የብረት ዘንግ ነው። ገና ማሽኑ ሳይተከል ሥራ ፈላጊዎች በሩ ላይ ተሰለፉ። ጆንስ ራሱ እንደጻፈው በሕይወቱ እንዲህ ያለ ፊት አይቶ አያውቅም ነበር። በነዳጅ መስክ ድኃ ማለት ነገ የሚከብር ሰው ማለት ነው። እዚህ የቆሙት ግን ነገ የሌላቸው ጎልማሶች፣ በየትኛውም ዋጋ ጉልበታቸውን ለመሸጥ የሚለምኑ አባወራዎች ነበሩ።

በዚያን ዘመን የፋብሪካ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ደንብ ነበር። አርፍዶ የመጣ ይህን ያህል ይቀጣል፣ ያወራ ይህን ያህል፣ ያጨሰ ይባረራል እያለ ይወርዳል። ጆንስ ይህን ሁሉ ትቶ ከማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 7 ቁጥር 12ን ብቻ በቆርቆሮ አጽፎ ሰቀለ። ሰው እንዲያደርግልህ የምትሻውን አንተም ለሰው አድርግ የሚለውን ማለት ነው፤ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ወርቃማው ሕግ ይሉታል። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ እኔም ይህን አልጽፍም ነበር። ጥቅስ የተሰቀለበት ግድግዳ እኛም ሞልቶናል፤ ከጥቅሱ ሥር ተቀምጦ ጉቦ የሚቀበልም አይጠፋም። ጆንስ ግን የሥራ ሰዓቱን ስምንት አደረገው። በአካባቢው ያሉ ፋብሪካዎች አሥርና ከዚያ በላይ ያሠሩ ነበር። ከገበያው የተሻለ ደመወዝ ከፈለ፣ በዓመት አንድ ሳምንት ፈቃድ ከነደመወዙ ሰጠ፣ ለገና የዓመቱን ደመወዝ አምስት በመቶ ጨመረ፣ ሕፃናት አላሠራም አለ። ሰዓት ተቆጣጣሪ አስቀረና ሠራተኛው የሠራበትን ሰዓት ራሱ እንዲመዘግብ ተወለት። ከፋብሪካው አጠገብ ያለውን መሬት መናፈሻና የልጆች መጫወቻ አደረገው፤ ሠራተኛው በቅናሽ ዋጋ ምሳ የሚበላበትና ንግግር የሚሰማበት አዳራሽም ከፈተ። ሌሎቹ ባለፋብሪካዎች በዓመቱ ይከስራል ብለው ጠበቁ፤ አልከሰረም። የቶሊዶ ሰው ግማሹ በፍቅር፣ ግማሹ በፌዝ «ወርቃማው ሕግ ጆንስ» ይለው ጀመር።

ከንቲባ የሆነው በአጋጣሚ ነው። በ1897 የሪፐብሊካን ፓርቲ የከተማው ጉባኤ ሦስት ቡድን ሆኖ ተናቀፈና ማንም ማንንም መጣል አቃተው። በመጨረሻ ማንንም የማያስቆጣ፣ ፖለቲካ የማያውቅ፣ ደግ የሚባል አንድ ባለፋብሪካ ይሁን ተባለ። ደግ ሰው ለፓርቲ አለቃ ይመቻል ተብሎ ይታሰባል፤ የተሰጠውን ይፈርማል። ጆንስም በጠባብ ብልጫ አሸነፈ።

እንግዲህ የተማሪዬ ጥያቄ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ከተማው ተሰጠው፤ ምን አደረገ?

መጀመሪያ ለከተማው ሠራተኞችም የስምንት ሰዓት ሥራ አመጣላቸው። የሕዝብ መናፈሻ፣ የልጆች መጫወቻ፣ መዋዕለ ሕፃናት፣ የማታ ትምህርት እንዲስፋፋ ገፋ። ይኼ መልካም ነገር ነው፤ ሌሎች ከንቲባዎችም በዚያ ዘመን ሞክረውታል፤ ስለዚህ እዚህ ላይ አልቆይም። እኔን የያዘኝ ሌላው ነው። ጆንስ የፖሊሶቹን ቆመጥ ሰብስቦ ቀላል ከዘራ ሰጣቸው።

ነገሩ ሲሰሙት ቀልድ ይመስላል፤ ያኔም ብዙ ሰው ስቆበታል። ግን ቆም ብዬ ሳስበው ከብዙ አዋጅ የሚበልጥ ውሳኔ ሆኖ አገኘሁት። ቆመጥ የጨበጠ እጅ ሥራ ይፈልጋል። ማታ ማታ ሰካራም፣ ቤት የለሽና አላፊ አግዳሚ የሚያገኝ ፖሊስ መጀመሪያ የሚያወራው በምላሱ ይሁን በእንጨቱ የሚወስነው ብዙ ጊዜ እጁ ላይ ያለው ነገር ነው። እኔ በተማሪነቴ የቆመጥን ክብደት በጀርባዬ ለክቼዋለሁ፤ የያዘው ሰው ምን እንደሚመስል ግን እስከ ዛሬ አላውቅም፣ እየሮጥሁ ስለነበር። ከዘራ ይዞ የሚሄድ ሰው መንደርተኛ ሽማግሌ ነው የሚመስለው። ጆንስም የፈለገው ይህን ነበር። ፖሊስ የሚቀጠረው በፓርቲ ዝምድና ሳይሆን በችሎታ እንዲሆን አደረገ፤ ማስረጃ ሳይኖር ሰውን «ተጠርጥረሃል» ብሎ ማሰርንም ከለከለ።

ሁለተኛው ነገር ችሎት ነው። በቶሊዶ ሕግ መሠረት የፖሊስ ችሎት ዳኛው በማይኖርበት ቀን ከንቲባው ተተክቶ ሊቀመጥ ይችል ነበር። ከጆንስ በፊት የነበሩት ከንቲባዎች በዚህ ሥልጣን ብዙም አልተጠቀሙበትም፤ ማን በጠዋት የሰካራም ሽታ ሊያሸት ይፈልጋል? ጆንስ ግን እየሄደ ይቀመጥ ነበር፤ ሳይመቸው ሲቀርም ወዳጁን ዊትሎክን ይልክ ነበር። ዊትሎክ ያን ጊዜ ወጣት ጠበቃ ነው። ፊቱ የሚቀርቡት የታወቁ ናቸው፤ ሰካራሞች፣ ሴተኛ አዳሪዎች፣ ሥራ ፈቶች፣ ዳቦ የሰረቁ። ጆንስ አብዛኛዎቹን ያሰናብት ነበር። ክርክሩ አንድ ነው። ሀብታም ሲሰክር በሠረገላ ወደ ቤቱ ይወሰዳል፣ ድኃ ሲሰክር ወደ እስር ቤት፤ ስለዚህ እዚህ ፊቴ ያለው ወንጀል ስካር ሳይሆን ድህነት ነው ይላል። ከሚነቅፉት ጋር ሲከራከርም፣ ወንድ ልጄ ሌባ ወይም ሰካራም ቢሆን፣ እህቴ ወይም ሴት ልጄ ሴተኛ አዳሪ ብትሆን ሌላ ዳኛ እንዲፈርድላቸው የምፈልገውን ነው የፈረድሁት ብሏል።

ዊትሎክ የሚተርከው አንድ ችሎት አለ። ምንም ያላደረገ፣ ግን ሽጉጥ የተገኘበት መንገደኛ ቀረበ። ጆንስ ሽጉጡን ተቀበለና እያገላበጠ ለችሎቱ አሳየ። ይህ ዕቃ ሰው ከመግደል በቀር ለምንም እንደማይጠቅም ተናገረና ፈረደ። ፍርዱ በሽጉጡ ላይ ነው፤ በመዶሻ ተቀጥቅጦ እንዲደቅ። መንገደኛው ተለቀቀ።

ይህን ሳነብ ሳቅሁ። ሳቄን ሳልጨርስ ግን አንድ የራሴ ነገር ትዝ አለኝና ተውኩት። ከዓመታት በፊት ሚኒባስ ስሳፈር ሞባይሌን የሰረቀኝን ልጅ ሰዎች ሮጠው ያዙት። ዕድሜው አሥራ አምስት ቢሆነው ነው። ስልኩን መለሱልኝና ከዚያ መምታት ጀመሩ። እኔ፣ ቶልስቶይን ለስንት ዓመት ያስተማርሁ ሰው፣ ስልኬን ጨብጬ ቆሜ አየሁ። «ይብቃው» የምትል አንዲት ቃል ከአፌ አልወጣችም። እንዲያውም የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ምቶች ደስ ብለውኛል። ስለዚህ ስለ ጆንስ ችሎት የምጽፈው እንደ ፈራጅ አይደለም። ሌባን የሚለቅ ከንቲባ ከተሰረቀው ሰው ምን እንደሚጠይቅ በደንብ አውቃለሁ።

የቶሊዶ ከበርቴዎችና ጋዜጦችም ያነሡት ይህንኑ ነው። ከተማችን የዱርዬ መሸሸጊያ ሆነች አሉ። ትክክል ናቸው የሚሉ ማስረጃ ይቆጥራሉ፣ ስህተት ናቸው የሚሉም ይቆጥራሉ። እኔ እስከማየው ድረስ ቶሊዶ በጆንስ ዘመን ገነት አልሆነችም፣ ገሃነምም አልሆነችም። ሌባው አልጠፋም፣ መጠጥ ቤቱም አልጠፋም። የጠፋው በድኃ ጀርባ ላይ የሚያርፈው እንጨት ነው።

የከረረው ተቃውሞ ግን የመጣው ከማይጠበቅ ቦታ፣ ከፓስተሮቹ ነው። ጆንስ እሑድ መጠጥ ቤት ይዘጋ የሚለውን ሕግ አጥብቆ አላስከበረም። እሑድ የሠራተኛው ብቸኛ የዕረፍት ቀን ነው፤ የባለጸጋው ክለብ ክፍት ሆኖ የሠራተኛው መጠጥ ቤት ለምን ይዘጋል ባይ ነው። አንድ ቀን የፓስተሮች ቡድን ሴተኛ አዳሪዎቹን ከከተማ እንዲያባርር ሊጠይቀው መጣ። ዊትሎክ ጨዋታውን እንዲህ ያስታውሰዋል። ጆንስ ወዴት ልስደዳቸው ብሎ ጠየቀ፤ ወደ ዲትሮይት ነው ወይስ ወደ ክሊቭላንድ? መቼም የሆነ ቦታ መሄዳቸው አይቀርም። ከዚያም አንድ ሐሳብ አቀረበ። ከሁሉ የከፉትን ሁለቱን ምረጡልኝ፣ እኔና ባለቤቴ ቤታችን ወስደን ሌላ መተዳደሪያ እስኪያገኙ እናኖራቸዋለን፤ እናንተም እያንዳንዳችሁ አንዳንድ ውሰዱ፤ ለቀሩት ደግሞ አብረን ቤት እንፈልጋለን አላቸው። ፓስተሮቹ እሺ አላሉም።

በ1899 ከጆርጂያ አንድ ስመ ጥር ሰባኪ ወደ ቶሊዶ መጥቶ በከንቲባው ላይ ሰበከ። የሰባኪው ስም ሳም ጆንስ ነው! አንዱ ሳም ጆንስ በወንጌል ስም ከተማ ያስተዳድራል፣ ሌላው ሳም ጆንስ በወንጌል ስም ያወግዘዋል። ልብ ወለድ ውስጥ ቢሆን ተማሪዎቼን «ስም ለውጡ፣ አንባቢ አያምናችሁም» እላቸው ነበር።

በዚሁ ዓመት ፓርቲው ድጋሚ ዕጩ አላደርግህም አለው። ጆንስ ያለ ፓርቲ፣ «ከፓርቲ በፊት መርህ» በሚል መፈክር ብቻውን ቀረበ። ከተሰጠው 24,187 ድምፅ 16,773ቱን አገኘ፤ ሰባት እጅ ያህሉን ማለት ነው። የተቀረውን ሁለቱ ትልልቅ ፓርቲዎች ተካፈሉት። በዚያው ዓመት መኸር ለኦሃዮ ገዥነት ተወዳድሮ ሦስተኛ ወጣ፤ ያም ሆኖ ያለ አንዳች ድርጅት ከመቶ ሺህ በላይ ድምፅ ሰበሰበ። በ1901 እንደገና፣ በ1903 እንደገና ከንቲባ ሆነ። በመጨረሻው ምርጫ የከተማው ጋዜጦች በአንድነት ተነሥተውበት ስሙን እንኳ ላለማንሣት ተስማምተው ነበር። ጆንስ ካሸነፈ በኋላ ጋዜጣውም ሰባኪውም ተቃወመኝ፣ ከሕዝቡ በቀር ሁሉም ተቃወመኝ እያለ ይቀልድ ነበር።

በምርጫ መጣል ካልተቻለ ሌላ መንገድ አለ፤ ሕግ ማውጣት። የኦሃዮ ግዛት ሕግ አውጪዎች የቶሊዶ ከንቲባ በፖሊስ ችሎት የሚቀመጥበትን ሥልጣን ነጠቁት። ቀጥለው ደግሞ የከተማዋን ፖሊስ ከከንቲባው እጅ አውጥተው የግዛቱ ገዥ ለሚሾመው ቦርድ ሰጡ። ጆንስ አላስረክብም አለ። ሁልጊዜ ሕግንና ዳኛን የሚተች ሰው አሁን ፍርድ ቤት መቆም ግድ ሆነበት። የኦሃዮ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1902 ለጆንስ ፈረደ። ግዛቱ ለአንድ ከተማ ብቻ ተለይቶ የሚለካ ሕግ ማውጣት አይችልም አለ። በዚህ ውሳኔ ምክንያት የኦሃዮ ከተሞች መተዳደሪያ ሕግ በሙሉ እንደገና መጻፍ ነበረበት። ቆመጥን በከዘራ በመለወጥ የተጀመረ ነገር የአንድ ግዛት ከተሞችን ሁሉ ሕግ ሲያስለውጥ ማየት ይገርማል።

ግን ጆንስን ቅዱስ ማድረግ አልፈልግም፤ ዊትሎክ ራሱ እንኳ አላደረገውም። ጆንስ በከፍተኛ ደረጃ የዋህ ነበር። ፓርቲ የሚባለውን ነገር ስለሚጠላ ድርጅት አላቆመም፤ ስለዚህ በምርጫ ቀን ከተማው ሁሉ የእሱ፣ በማግስቱ ምክር ቤት ሲሰበሰብ ግን አብዛኛው ወንበር የሌላ ሰው ነበር። የከተማዋ መብራትና ትራም የሕዝብ ንብረት ይሁን ብሎ ሰበከ፤ በዘመኑ አንዱም አልሆነም። ሀብት በደል ነው እያለ ይናገር ነበር፤ ሀብታም ሆኖም ሞተ። ይህን ተቃርኖ ሲጠይቁት አይሸሽም፤ አዎ፣ ከምነቅፈው ሥርዓት ተጠቃሚ ነኝ ይላል። መልሱ ሐቀኛ ነው፤ በቂ መሆኑን ግን እንጃ። ሰውየው በሌላም በኩል ለየት ያለ ነበር። በሃምሳ ዓመቱ አካል ብቃት ብሎ በእጁ ይገለባበጥ ነበር፤ ለሠራተኞቹ መዝሙር ይጽፍላቸዋል፤ ዋልት ዊትማንን እንደ ዳዊት ይዞት ይዞራል።

ከ1999 የወጣ አንድ የሜልቪን ሆሊ ጥናት አለ። የከተማ ታሪክ አዋቂዎችን ጠይቆ ከ1820 ወዲህ የነበሩትን የአሜሪካ ትልልቅ ከተሞች ከንቲባዎች በደረጃ ሲያስቀምጥ ጆንስን አምስተኛ አድርጎታል። ከፊቱ ያሉት እንደ ኒውዮርኩ ላጋርዲያና እንደ ክሊቭላንዱ ቶም ጆንሰን ያሉ ናቸው። ድልድይ የሠሩ፣ ኩባንያ ያንበረከኩ፣ ምክር ቤት የጠመዘዙ ሰዎች። ከእነሱ ጋር ሲተያይ በጆንስ እጅ የቀረ ግንብ የለም ማለት ይቻላል። ዳኞቹ ምኑን አይተው እንደመረጡት አሰብሁ። አንዱ ምክንያት ዊትሎክ ይመስለኛል። እሱ ከጆንስ ሞት በኋላ በ1905 ተመርጦ ለአራት ዘመን ከንቲባ ሆኖ፣ ጆንስ በስብከት የተወውን በሕግ ጸሐፊ ብዕር ያዘው፤ የኦሃዮ ከተሞች የራሳቸውን መተዳደሪያ ራሳቸው እንዲጽፉ በ1912 ሕገ መንግሥቱ ሲሻሻል ከተሟጋቾቹ ዋናው ነበር። በ1907 ያሳተመው ልብ ወለድም ስለ ፍርድ ቤትና ስለ እስር ቤት ነው። በጆንስ ፈንታ እዚያ የጠዋት ችሎት ባይቀመጥ ኖሮ ያን መጽሐፍ የሚጽፈው አይመስለኝም።

የመጨረሻው ውጊያ በትራም ላይ ነበር። የቶሊዶን ትራም የያዘው ኩባንያ ውሉ እንዲታደስለት ይፈልጋል፤ ምክር ቤቱ ሊያድስለት አዘንብሏል። ጆንስ ውሳኔውን ሻረ። መንገዱ የሕዝብ ነው፣ በሕዝብ መንገድ ላይ ለአንድ ኩባንያ የዓመታት ርስት ማን ይሰጣል ነው ነገሩ። ነገሩ እንደገና መጣ፤ ሕዝቡ የምክር ቤቱን አዳራሽ እየሞላ ተሟገተ። ይህ ሙግት ሳይቋጭ ጆንስ ታመመ። የማይለቀው አስም ነበረበት። በሐምሌ 12 ቀን 1904፣ በሃምሳ ሰባት ዓመቱ፣ ከንቲባ እንደሆነ ሞተ።

አስከሬኑን ለማየት በሺዎች የሚቆጠር ሰው ተሰለፈ። የቀብር ንግግሩን ዊትሎክ አደረገ። ቤቱ ስላልበቃ ሕዝቡ በግቢውና በመንገዱ ላይ ቆመ፤ ነጋዴውና የቀን ሠራተኛው፣ ፓስተሩና ሴተኛ አዳሪዋ ጎን ለጎን ቆመው ያለቅሱ ነበር ይላል ዊትሎክ። ቀጥሎ የሚነግረን ነገር የአክሲዮን ገበያ ወሬ ነው። ጆንስ በሞተ ማግሥት የትራም ኩባንያው የአክሲዮን ዋጋ ወደ ላይ ወጣ።